የበጋው ነዳጅ እስኪመጣ

በሰሜን ስዊድን፣ በግራንሾ መንደር ሲክስተንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ማይቮር ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ማይቮር የመንደሩን አንድ ለእናቱ ነዳጅ ማደያ ከነሱቁ የያዘች መበለት ናት፤ ቤንዚን፣ ቋሊማ፣ የዓሣ ማጥመጃ ትልና ወሬ ትሸጣለች። ወሬውን እንኳ በነፃ ነው የምታድለው፤ ግን ወሬ ሊሰማ የገባ ሰው ባዶ እጁን መውጣት ስለሚያፍር፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሴትዮዋን ያኖራት ወሬው ነው።

ካሏት ወሬዎች ሁሉ አምናም ዘንድሮም የማይነቅዘው የሲክስተን ነው።

ሲክስተን በክረምት መንገድ ላይ የተቆለለ በረዶ ይጠርጋል፤ በበጋ ያንኑ መንገድ ጠጠር ያለብሳል። ረጅም ነው፤ ሃምሳን ካለፈ ሰንብቷል፤ ሲናገር ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ከከባድ ነገር ሥር እንደሚጎትት ሰው ነው የሚያወጣቸው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በወጣትነቱ ይጠጣ ነበር፤ አንድ የፋሲካ ሰሞን የሰው ጀልባ ቤት ጣሪያ ላይ ከነጫማው ተኝቶ ከተገኘ ወዲህ ግን ጠርሙስ ነክቶ አያውቅም። "እሱ የተወውን መኪናው ተቀበለችው" ይላሉ መንደርተኞቹ፤ ሐሰት የለውም። መኪናዋ አልኮል ጠጪ ናት።

ቮልቮ ናት፤ ከኋላዋ ረዘም ያለች፣ ማዕዘኗ ሁሉ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል አሮጌ ሣጥን። ከሩቅ ያያት ድንች ልትጭን የመጣች ይመስለዋል። ሆዷ ውስጥ ግን ሌላ ጉድ አለ፤ ከጭነት መኪና የተነቀለ፣ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚጠቀጥቅ ቱርቦ፣ ነዳጅ እንደ ጎርፍ የሚረጩ ሰፋፊ አፍንጫዎች፣ ሲክስተን በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመው ሞተር። ነዳጁንና እሳቱን የሚመጥነውን ኮምፒውተር ብቻ የከተማ ሰው ነው ያስተካከለላት፤ ያስተካከለውም ለበጋው ነዳጅ፣ ለእሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪናዋ የምትጠጣው ነዳጅ፣ ኢታኖል፣ በበጋ ሲቀዳ ከሞላ ጎደል ጥሩ አልኮል ነው፤ ቤንዚኑ ለአመል ያህል ጠብ ያለበት። ብርድ ሲገባ ግን አልኮል ይሰንፋል፤ እሳት ቢያሳዩት ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ አከፋፋዮቹ ለክረምት ቤንዚን ያበዙበታል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ለዚህ ደንታ የላቸውም፤ የጠጡትን ቀምሰው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። የሲክስተን መኪና ግን እንደ ጌታዋ ናት፣ አንድ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። በበጋው ነዳጅ መሬት ለቃ ልትበር ትደርሳለች፤ ጭሷ እንኳ አረቄ የሚወጣበት ጓሮ ይሸታል። በክረምቱ ነዳጅ ደግሞ ታስላለች፣ ጥቁር ትተፋለች፤ ጨክነው ከረገጧት ሞተሯ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንቋቋል። ያ ድምፅ የፒስተን ለቅሶ ነው፤ ሲክስተን ከሚሰማው ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጣል።

ፀደይ መጥቶ በረዶው ሲቀልጥ ሰዉ ሁሉ መኪናውን ከጎተራ ያወጣል። የማይቮር ማደያ ግን ገና ክረምት ነው። በመንደሩ ኢታኖል የሚገዛው ጥቂት ስለሆነ፣ ከመሬት በታች ያለው ጋን ክረምት ጠጥቶ የሞላውን ሳይጨርስ ሰኔ ያልቃል። ሲክስተን በየሳምንቱ ጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ ይዞ ይመጣል።

"ኧረ ሐኪሙ መጣ!" ትላለች ማይቮር ለተሰበሰበው ሰው። "በሽተኛው ሽንቱን ይስጥ!"

"አፍሽን ዝጊና ትንሽ ቅጂልኝ።"

ነዳጁን ቱቦዋ ውስጥ ያንቆረቁራል፣ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ አፏን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ይነቀንቃታል፣ ብርሃን ላይ ያያታል። አልኮሉ ከውሃው ጋር ተቃቅፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቤንዚኑ ብቻውን ከላይ ተንሳፎ ይቀራል። የተንሳፈፈው ከበዛ፣ ክረምት ነው።

"እህሳ ዶክተር? አርግዛለች?"

"ገና ክረምት ነው።"

"ውጭ እኮ ወፍ እየተንጫጫ ነው፣ አንተ ሰውዬ!"

"ወፉን አይደለም የምነዳው።"

ሰዉ ይስቃል። ሲክስተን ግን ለምን እንደሚቸኩል፣ ለምንስ እንደማይቸኩል፣ ማይቮር ታውቃለች። ማይቮር ካወቀች ደግሞ መንደሩ አወቀ ማለት ነው።

ምክንያቱ ኢንጌላ ናት፤ የጀልባ ሠሪው ልጅ። የወንበር ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት እዚያ ጨርቅ ትሰፋ ነበር። የሲክስተንን መኪና ወንበሮች ያለበሰችላት እሷ ናት፤ ለልኩ ብላ ስትመጣ፣ ለክሩ ብላ ስትመለስ፣ መንደሩ በሐሳቡ ድሮ ኩሎ ጨርሷቸው ነበር። አንድ የበጋ እሑድ ራሷ የሰፋችው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሐይቁን ዞሩት። የበጋው ነዳጅ ሞልቷል፣ መንገዱ ደርቋል፤ መኪናዋ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ስትወነጨፍ ኢንጌላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ማዶ ጥዶቹ ሥር ቆሙ። ሲክስተን ያን ጊዜ ሊላት ነበር። "እዚህ ከእኔ ጋር ቅሪ።" አራት ቃል ናት። ግን ሞተሩ ሲበርድ ጣ፣ ጣ ይል ነበርና እሱን አዳመጠ፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ አደረ። በመከር ፋብሪካው ተዘጋ፤ ኢንጌላ ሻንጣዋን ይዛ የአገሩ ደቡብ ጫፍ፣ ስኮኔ ወረደች። አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ሥራ አገኘች።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሰኔ ሲጠባ አባቷን ልታይ ትመጣ ነበር። የማይቮር ጋን ደግሞ ሰኔ ሲጠባ ክረምት ነው። የሲክስተን ጭንቅላት ደግሞ አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ጥያቄው የሚጠየቀው እንደዚያ እሑድ ነው። እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ከዚያው ሳቅ በኋላ፣ እዚያው ጥድ ሥር።

"ሐይቁን አንዞርም?" ትለው ነበር ኢንጌላ።

"ነዳጁ ገና ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።"

"የሚቀጥለው ሳምንት እኔ የለሁማ።"

"እንግዲህ ለከርሞ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ ያልቸኮለች ምን እንደለቀመች ግን የነገረው የለም።

በመጨረሻ ብልሃት አገኘ። በመከር፣ የክረምቱ ነዳጅ ሊመጣ ሲል፣ መንደርተኛው የእንጆሪ ማርማላት ሲያበስል እሱ የበጋ ነዳጅ በጄሪካን ማከማቸት ጀመረ። የመኪናዋን ታንከር እስከ አንገቷ ሞልቶ፣ "መኪናዬ ተኝታለች" ብሎ በስልክ ለመንግሥት ያስመዘግባል፤ ግብሯም ኢንሹራንሷም አብሯት ይተኛል። ብርድ ልብስ አልብሶ ጎተራ ውስጥ ይዘጋባታል። አሁን ኢንጌላ ሰኔ ስትመጣ ዝግጁ ነው። ኢንጌላ ግን ቀረች። አባቷ ደክመው ኡሜኦ ከተማ ወዳለ መጦሪያ ቤት ተወሰዱ፤ ስትመጣ እዚያው አይታቸው እዚያው ትመለሳለች። ሲክስተን ግን በየመከሩ ጄሪካኑን መሙላት አልተወም።

ዘንድሮ በየካቲት የኢንጌላ አባት አረፉ። ሊቀበሩ ወደ መንደራቸው መጡ፤ እሷም መጣች።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰዉ ዳቦና ዓሣ ይዞ ቆሞ ሲያወራ፣ ሲክስተን ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ወደ እሷ ተጠጋ። ጸጉሯ ሸብቷል። አልሸፈነችውም።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ኢንጌላ።"

"አሜን። ከስተሃል፣ ሲክስተን።"

"ክረምት ነው።" ባርኔጣውን ገለበጠ። "ሰኔ ትመጫለሽ?"

"ማን ቤት ልመጣ? ቤቱ እኮ ተሸጠ። ነገ ቁልፉን አስረክቤ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ የሚያመጣኝ ነገር የለም።"

አፉን ከፈተ። አፉ ተከፍቶ ቆየ።

"መኪናዋስ ደህና ናት?" አለችው፣ እንደ መርዳት።

"ተኝታለች።"

"እንደ ባለቤቷ" አለችና ክንዱን ነካ አድርጋ ወደ ሌላው ለቀስተኛ ዞረች።

በማግስቱ ማይቮር ሱቋ ውስጥ ጠበቀችው። ያን ዕለት እንኳ ሰው እስኪወጣ ታገሠች፤ ለእሷ ይህ ጾም ነው።

"ስማ፣ አንተ ግንድ። ነገ ትሄዳለች።"

"አውቃለሁ።"

"ጠይቃት።"

"እንዴት ብዬ? በዚህ ብርድ መኪናዋ..."

"መኪናዋን ነው እንዴ የምታገባት?"

"የክረምቱን ነዳጅ ባጠጣት ትበላሻለች።"

"አንተስ? አንተን ማን ያስተካክልህ? እኔ ባሌን ስቀብር ያልነገርኩት ነገር አልቀረኝም፤ ስድቡንም ጨምሮ! ሂድ ከዚህ!"

ሲክስተን ወጣ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ እሱና ጣሪያው ያውቃሉ።

ጠዋት በረዶውን ጠርጎ እንደተመለሰ ስልክ ደውሎ መኪናዋን ቀሰቀሳት። መንግሥት ቶሎ ነቃ፤ መኪናዋ ግን አልነቃችም። ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነበር። የሞተሩን ማሞቂያ ገመድ ሰካ፣ የቤት ማሞቂያውን አምጥቶ ሆዷ ሥር አስገባ። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ታንከሯ ውስጥ ያለው ከመከር ጀምሮ የቋጠረላት የበጋ ነዳጅ ነው፤ ለኢንጌላ የተቀመጠ፣ ንጹሕ፣ ኃይለኛ። እሳት አልቀበል አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ባትሪው ማቃሰት ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ። ማይቮር ናት።

"የኔ መኪና አልነሳ አለኝ" አለች፣ ደህና አድርጋ እየዋሸች፤ የራሷ መኪና መስኮቱ ሥር እየተንዶቀዶቀ ይሰማል። "ኢንጌላን ማዶ አውቶቡሱ ድረስ የሚወስዳት ሰው ጠፋ። የበረዶ መጥረጊያ መኪናህን ይዘህ እንዳትመጣ፣ እገልሃለሁ!"

ሲክስተን ስልኩን ዘጋና ቆሞ መኪናዋን አያት። ከዚያ በርከክ ብሎ የታንከሯን ቱቦ ፈታ፤ የበጋው ነዳጅ ባልዲው ውስጥ እየተንፏፏ ወረደ። ለክፉ ቀን በጄሪካን የቀዳውን የክረምቱን ሞላባት። ያም አልበቃ ብሎ፣ ለእንጨት መጋዙ ያስቀመጠውን ንጹሕ ቤንዚን አንስቶ ደፋበት። በዚህ ድብልቅ ጨክኖ ቢረግጣት የሠራው ሁሉ እንደሚቀልጥ ያውቃል።

ቁልፉን አዞረ። ሳለች። ጎተራውን በጥቁር ጭስ ሞላችው፤ ተነሳች።

ግን ገባት እንጂ አልጣማትም። እነዚያ ሰፋፊ አፍንጫዎች ለአልኮል የተለኩ ናቸውና ቤንዚኑን ከልክ በላይ እያፈሰሱ አሰመጧት፤ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሳ ቁጥር ልትጠፋ ትንተፋተፋለች። ስለዚህ እግሩን አላነሳም። ቀስ ብሎ፣ እንቁላል የተሸከመ ይመስል፣ እየነዳ ማይቮር ደጃፍ ደረሰ። ማይቮር የኢንጌላን ሻንጣ ከኋላ ወረወረች፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በሩን ዘጋችላቸው።

"ሰካራሟ ተነሳች?" አለች ኢንጌላ ወንበሩን በመዳፏ እየዳበሰች። ስፌቱ ይዞ ኖሯል።

"እግሬን ካላነሳሁ።"

በክረምት ሐይቁን አይዞሩትም፤ ይሻገሩታል። ውሃው ሲጠጥር ሲክስተን ራሱ ከላዩ ላይ መንገድ ይጠርጋል፣ ዳርና ዳሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ይተክላል። እንኳን መብረር፣ መፍጠንም አይቻልም፤ የሮጠ መኪና ከበረዶው ሥር ያለውን ውሃ ያናውጠውና በረዶው ይሰነጠቃል።

"ቀበቶሽን ፍቺ።"

"አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው ያደግሁት።"

ሁለቱም ፈቱ፤ በረዶው ቢከዳ በቶሎ ለመውጣት መስኮቱን ገርበብ አደረጉ። ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። መኪናዋ እያሳለች፣ ከሚራመድ ፈረስ እምብዛም ሳትሻል፣ በነጩ ሜዳ መሐል ገባች።

"ያን እሑድ ትዝ ይልሻል?" አለ ሲክስተን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

"ስቀሻል። እንባሽ እስኪፈስ።"

"ፈርቼ ነው የሳቅሁት። እኔ ስፈራ እስቃለሁ። አባቴ ነፍሳቸው ስትወጣ አጠገባቸው ቆሜ ሳቅሁ፤ ነርሷ ደንግጣ ወጣች።"

ሲክስተን ስንት ሰኔ ያንን ሳቅ ሲጠብቅ እንደኖረ አሰበ።

"የወደድኩት ስንቆም ነው" አለች። "ጥዱ ሥር። አንተ ሞተሩን ታዳምጥ ነበር፣ እኔ አንተን።"

"ምን ልትሰሚ?"

"የምትለውን ነዋ።"

የማዶው ዳርቻ መታየት ጀምሯል። ሲክስተን እጁን መሪው ላይ አጠበቀ። ጉሮሮው ውስጥ ያደረችው ነገር፣ ያ ሁሉ ዓመት ያደረችው፣ ተንቀሳቀሰች።

"እዚህ ከእኔ ጋር ቅሪ" አለ።

ኢንጌላ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

"ያኔ ብለኸኝ ቢሆን" አለች፣ "ሻንጣዬን እንኳ አልፈታውም ነበር፤ ከነገመዱ ሐይቁ ውስጥ እወረውረው ነበር። በየሰኔው ብለኸኝ ቢሆንም እንደዚያው። እኔ እኮ ለአባቴ ብቻ አልነበረም የምመጣው። አንተ ግን ነዳጅ ትጠብቅ ነበር።"

"አዎ።"

"አሁን እዚያ የለመድኩት በር አለኝ። የሚጠብቁኝ አሮጊቶች አሉኝ፤ ጸጉራቸውን እኔ ካላበጠርኩት የማይበሉ። አልቀርም፣ ሲክስተን። አንተንም ና አልልህም፤ እዚያ በረዶ አይጥልም፣ የምትጠርገው አታገኝም።"

ራሱን ነቀነቀ። መልሱ እንደሚያመው ያውቅ ነበር፤ የደነቀው፣ ሰው እያመመውም መሪ መያዝ መቻሉ ነው።

ዳርቻውን ወጥተው ዋናው መንገድ ሲደርሱ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። ሲክስተን ጥግ ይዞ አቆመ፤ እግሩ ግን ከነዳጅ መስጫው ላይ አልተነሳም። ሞተሩ ይንተፋተፋል። እዚህ ከጠፋች በዚህ ብርድ ሁለተኛ አትነሳም።

"አትውረድ" አለች ኢንጌላ፤ ገብቷታል። "ሻንጣዬን እኔው አወርደዋለሁ።" ጎንበስ ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ አፍንጫዋ በረዶ ሆኖ ነበር። ወረደች፤ ከኋላ ያለውን በር ከፍታ ሻንጣዋን ስትጎትት በመስታወት አያት። ሻንጣው ከብዷታል።

ሲክስተን እግሩን አነሳ።

መኪናዋ አንድ ጊዜ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጸጥ አለች።

"ሞተሩ!" ብላ ጮኸች ኢንጌላ።

"ይጥፋ።"

ሻንጣውን ከእጇ ተቀብሎ እስከ አውቶቡሱ ደረጃ ተሸከመው። እዚያ ሲደርስ አስቀምጦ አቀፋት፤ ሁለቱም ወፍራም ካፖርት ለብሰው ስለነበር እጆቹ ጀርባዋ ላይ አልገጠሙም። አጥብቆ ያዛት። ደረቱ ላይ ስትንቀጠቀጥ ተሰማው። እየሳቀች ነበር።

"እናንተ ሰዎች!" አለ ሾፌሩ። "በሩ ብርድ እያስገባ ነው፤ ወይ ግቡ ወይ ተለያዩ!"

ተለያዩ። አውቶቡሱ ጥዶቹ መሐል እስኪጠፋ ሲክስተን ቆሞ አየው፤ ከጠፋም በኋላ ድምፁ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ መኪናዋን ቆልፎ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ራሱ በጠረገው መንገድ ሐይቁን በእግሩ ተሻገረ።

ማይቮር በመስኮት ከሩቅ አይታዋለች፤ መጀመሪያ ጥቁር ነጥብ፣ ቀጥሎ ሰው። ሲገባ ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። በሱቁ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ።

"መኪናዋስ?"

"ማዶ ናት።"

"ጠየቅሃት?"

"ጠየቅኋት።"

"እና ምን አለች?"

ሲክስተን ባርኔጣውን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አኖረ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"አንድ ቋሊማ ስጪኝ" አለ። "ሰናፍጭ አብዢበት።"

ማይቮር ሰጠችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለተኛ አልጠየቀችም።